ሻምበል የጋለበኝ ሌሊት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ፈረስ ኮርቻ ጫነብኝ። ሳቁ እንጂ ምን አለበት፤ እኔም የሌላ ሰው ሕልም ቢሆን እስቅ ነበር። ጀርባዬን ግን እስካሁን ያመኛል።

መጀመሪያ ከሕልሙ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሰውዬው አብዷል ትላላችሁ። አያልነህ እባላለሁ፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቁጭ ብዬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ጋሽ ገረሱ የሚባሉ ሰው ያላቸው የፈረስ ግልቢያ ሜዳ አለ፣ እዚያ ሄጄ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ሻምፒዮን ምናምን አይደለሁም፤ ከፈረስ ላይ የወደቅኩት ብዛት ለጉድ ነው። የራሴ ፈረስም የለኝም። የማስተምርበት ፈረስ ሻምበል ይባላል። ዳማ ነው፤ አርጅቷል፤ ከንፈሩ ተንጠልጥሏል።

ሻምበል አንድ ጠባይ አለው። ጀርባው ላይ ያለው ሰው ሚዛኑን ስቶ መንሸራተት ሲጀምር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማንም አላስተማረውም። ይቆምና አንገቱን አዙሮ፣ “ምነው፣ ምን ሆንክ?” በሚል ዓይን ያይሃል። ተስተካክለህ እስክትቀመጥ ድረስ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ጠባዩ ስንቱን ሰው እጅ እግሩ እንዳይሰበር አድርጎታል መሰላችሁ።

ጋሽ ገረሱን ያስመረራቸው ደግሞ ይሄው ጠባይ ነው። ትናንት ማታ ኮርቻ ሳወርድ መጡና፣ “አያልነህ፣ እንግዳ የሚመጣው ሊሮጥ ነው። ይሄ ግን በየደቂቃው እየቆመ ሰው ያያል። ነገ ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ የሚሠራ ባለጋሪ ሊወስደው ይመጣል። አሰልጣኙ አንተ ነህና ይጠቅማል ካልክ ይቀራል፤ አይጠቅምም ካልክ ለጋሪ ይሄዳል” አሉኝ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እሱ ከሄደ መብረቅን አመጣዋለሁ። የምትጋልበው አንተ ነህ። ለውድድርም ብትፈልግ ያንተ ነው።”

መብረቅ ጥቁር ወጣት ፈረስ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይቼው፣ ያን ሰሞን ሁለት ሱሪ አበላሽቼ ሰፍቻለሁ። ምን እዋሻለሁ፣ አማረኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሆዴ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ባለ ፈረስ ብበር ብዬ ተመኘሁ። ስለዚህ “አይሄድም!” ማለት ሲገባኝ፣ “ጠዋት እነግርዎታለሁ” ብዬ ወጣሁ። እሳቸውም ከኋላዬ፣ “እስከ ሁለት ሰዓት ካልነገርከኝ ተስማምተሃል ብዬ ነው የምይዘው!” አሉ። ቤቴ ገባሁ፤ እራት አልበላ አለኝ፤ ተኛሁ።

ሕልሙ እንዲህ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ሻምበል ከግርጌዬ በሁለት እግሩ ቆሟል። የኔን ቆብ ደፍቶ፣ የኔን ሜትር አንገቱ ላይ ጥሏል። ክው አልኩ።

“ተነሳ እንጂ! ተማሪዎቹ ደርሰዋል” አለኝ።

“ትናገራለህ እንዴ?” አልኩት።

እሱም ክው አለ። ወደ በሩ ዞሮ፣ “ስመኝ! ኧረ ስመኝ! ይሄ ሰውሽ ይናገራል እንዴ?” ብሎ ተጣራ።

ባለቤቴ ስመኝ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። አልደነገጠችም። “አንዳንዴ ነው። ልጓም ሲገባለት ዝም ይላል” አለችው።

ሻምበል ወገቤን በገዛ ሜትሬ ለካ። ጀርባዬ አጭር መሆኑን፣ ሆዴ ግን ለሁለት ኮርቻ እንደሚበቃ ለስመኝ ነገራት። ተንበርከክ አለኝ፣ ተንበረከክኩ። ኮርቻውን ጫነብኝ። ጠፍሩን በሆዴ ሥር አሳልፎ ሲያጠብቅ እኔ ሆዬ ሆዴን ነፋሁት። ይሄ የፈረስ ተንኮል ነው፤ ሲታሰር ሆዱን ይነፋና በኋላ ሲያስተነፍስ ጠፍሩ ይላላለታል። ከማን እንደተማርኩት አላውቅም፣ መጣልኝ።

“ነፍቶ ነው” አለች ስመኝ። “ትንሽ ወዲህ ወዲያ አድርገውና እንደገና አጥብቀው። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ያቺን ተንኮሉን የማላውቅ መስሎታል!”

“ስመኝ! የኔ እናት! ምን በደልኩሽ?” አልኳት።

“ገብሱን ቶሎ አትስጠው፣ ይሰንፍብሃል” ብላው ወጣች። የገዛ ሚስቴ!

ሻምበል ልጓሙን አነሳ። ጠዋት ጠዋት ብረት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። እሱ ግን ብረቱን ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ እፍ እያለ በትንፋሹ አሞቀውና አጎረሰኝ። ከሁሉ ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ልጓም ከገባ በኋላ ነገሬ ሁሉ ተበላሸ። እንደኔ ከተጫኑ ሰዎች ጋር ስናወራ እንግባባለን፤ ፈረሶቹ ጆሮ ሲደርስ ግን የምናገረው ሁሉ ማሽካካት ይሆናል። ይሄ የገባኝ በር ላይ ነው። “ቀስ በል፣ ወገቤን ያመኛል” ልለው ብዬ በረዥሙ አሽካካሁ። “ደስ ብሎት ነው” አለ ሻምበል ለራሱ፣ ጋማዬንም ዳበስ አደረገኝ። ጋማ ነበረኝ ማለት ነው። አራት እግሩን ሁለት እርካብ ውስጥ እንዴት እንዳስገባ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ወጣ። አልከበደኝም። ወጣን።

አስፋልቱ ላይ የሌለ ጉድ የለም። ባጃጆቹ ውስጥ ፈረሶች እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ባጃጁን የሚጎትቱት ሾፌሮቹ ናቸው። አደባባዩ ሣር ላይ የቀበሌያችን ሹማምንት ክራባታቸውን እንዳሰሩ ይግጣሉ። አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝና እያመነዠከ ሰላም አለኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ደግሞ ሐኪሞቹ መንገደኛውን እየተከተሉ፣ “እባካችሁ፣ የሚያመው ሰው የለም? ትንሽ ራስ ምታት ብትሆንም አንጠላም!” እያሉ ይለምናሉ።

በሱቄ በኩል ስናልፍ በሩ ክፍት ነበር። ወደ ውስጥ አንገቴን አስገባሁ። አንድ ግራጫ ኮትና ሱሪ መስታወት ፊት ቆሞ ሰው ይለካል። አዎ፣ ልብሱ ነው ሰውን የሚለካው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ገባበትና ሙሉ ልብሱ ወዲህ ወዲያ ተገላበጠ።

“ይሄ ሰው ሰፋኝ” አለ ኮቱ። “ትከሻዬ ላይ የተረፈኝ ነገር አለ። ሌላ ሰው አምጡልኝ።”

“ማጥበብ እንችላለን” አለ አንድ ድምፅ። ቀና ብዬ ሳይ አህያ ነው፤ የኔን መነጽር አድርጎ የኔ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጧል። መቀሱን አንስቶ ወደ ሰውዬው ተጠጋ። ኧረ የሰው ያለህ! ብዬ ጮህኩ። ማሽካካት ሆኖ ወጣ። ሻምበልም፣ “አትደንግጥ፣ አትደንግጥ፣ ልብስ ነው” እያለ አንገቴን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ነኝ ፈረስ ሲደነብር እንደዚያ የምለው፤ ቃሉም ድምፁም የኔ ነበር።

ሜዳው ደረስን። ሐይቁ እንዳለ ነው፤ አጥሩ እንዳለ ነው። በአጥሩ ዙሪያ ግን ሰው በሰልፍ ታስሯል፤ ሁሉም ኮርቻ ተጭኗል። መሐል ሜዳው ላይ ውርንጭላዎች ሄልሜት አድርገው ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ገረሱ ከአንድ ግንድ ጋር ታስረው ድርቆሽ ይበላሉ።

“ጋሽ ገረሱ! ምንድነው ይሄ? ይናገሩላቸው እንጂ!” አልኳቸው።

“ተወኝ አያልነህ፣ ለራሴም አልበቃሁ” አሉ አገጫቸውን ወደ ድርቆሹ እንደደፉ። “እኔ ለእርሻ ነው የተፈረደብኝ። ቀንበሩ ለአንገቴ ልክ መሆኑን እያዩ ነው።”

ከጎኔ ወይዘሮ ትርንጎ ቆመዋል። ወይዘሮ ትርንጎ በደህናው ዓለም የቅዳሜ ተማሪዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት። ሻምበል ላይ በወጡ ቁጥር፣ “ይቅርታ አባቴ፣ ከበድኩህ” ይሉታል። አሁን ግን ተጭነው፣ ፊታቸው በርቶ፣ መሬቱን በእግራቸው ይጭራሉ።

“አስተማሪ! እርስዎም መጡልን?” አሉኝ።

“እትዬ ትርንጎ፣ ምን ጉድ ላይ ነው የወደቅነው?”

“ኧረ ይተዉኝ! እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ትምህርት ቤት ተሸክሜ ኖርኩ፤ አሁን አንዲት ውርንጭላ ብቻ! እሷም ቁርስ አትበላም፣ ቀላል ናት። ፉርሽካው ደግሞ ሲጣፍጥ!” አሉና ወዲያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “ጥርስዎን ግን ይደብቁ። ዛሬ ጥርስ ይታያል።”

“ቢያዩትስ?”

“ያረጀውንማ ለጋሪ ነዋ! ትናንት የኛን ሰፈር መሐንዲስ ወሰዱት። ብሎኬት ሲያመላልስ ዋለ አሉ።”

በዚያ ሜዳ ላይ ያለኝ ነገር ሁሉ ጥርሴ ብቻ መሆኑ ታወሰኝ፤ አንዱ ደግሞ የተተከለ ነው።

ሻምበል ወረደና አንዲት ነጭ ውርንጭላ ጀርባዬ ላይ አወጣ። መሐል ሜዳ ቆሞ ማስተማር ጀመረ። “ቀና በይ! ተረከዝ ወደ ታች! እጅሽን አለስልሺ፣ አፉ ሥጋ ነው እንጂ ቆርቆሮ አይደለም! ሰውዬውን አትዪው፣ ፊት ለፊትሽን እዪ፤ ሰውዬው አንቺ ወዳየሽበት ነው የሚሄደው!” ከአፌ ነጥቆ ነው የሚናገረው። በእርምጃ አንድ ዙር ሄድን። ወደ ሶምሶማ ገባን። ውርንጭላዋ ትስቃለች፤ እኔም፣ ምን አለፋችሁ፣ መልመድ ጀመርኩ።

ይሄኔ በአጥሩ በር መብረቅ ገባ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ካባ ለብሷል። ከኋላው ኮሚቴው ይከተላል፦ ሁለት ሽማግሌ ፈረሶችና አንዲት መነጽር ያደረገች ፍየል። ወይዘሮ ትርንጎ፣ “ሰብሳቢው ነው” አሉኝ። መብረቅ ሲያየኝ አንዳች ነገር ውስጤ ገባ። ልታይ አልኩ። እንዴት እንደምሮጥ ይይልኝ ብዬ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ወጣሁ። ሻምበል፣ “ቀስ! ቀስ!” ይላል፤ አልሰማሁትም። ውርንጭላዋ ሚዛኗን ሳተች። ወደ ግራ ስትንሸራተት ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። መቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ። እግሬ ግን ለመብረቅ እየሮጠ ነበር።

“እማዬ!” ብላ ወደቀች።

ድርቆሽ የሚበላው ሁሉ አቆመ። ሻምበል ሮጦ ሄዶ ውርንጭላዋን በአፍንጫው አነሳት፣ አቧራዋን አራገፈላት፣ ወደ እናቷ ሸኛት። ከዚያ ወደኔ መጣ። አልጮኸብኝም።

“ለምን አልቆምክም?” አለኝ።

ምን ልበለው? ልናገርም ብል ማሽካካት ነው። አንገቴን ደፋሁ።

መብረቅ ካባውን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ “ይሄ ሰው ሲንሸራተቱበት አይቆምም። በፊትም አይቆምም ነበር?” ሲል ጠየቀ። “ጥርሱ ይታይ።”

ፍየሏ መነጽሯን አስተካክላ መጣችና ከንፈሬን በኮቴዋ ገለጠችው። ጥርሴን አንድ በአንድ እየነካካች ታጉረመርማለች። ከኋላ በኩል ስትደርስ ጮኸች። “ይሄ ጥርስ የሱ አይደለም!”

“እንዴት አይደለም?” አሉ ሽማግሌዎቹ።

“ተተክሏል! ይሄ የሰው ነጋዴዎች ሥራ ነው። ያረጀውን ሰው ጥርስ እየተከሉ ገና ወጣት ነው ብለው ይሸጡልናል!”

ጉድ ፈላ። “አጭበርባሪ!” የማይለኝ ፈረስ አልነበረም። ከወይዘሮ ትርንጎ በስተቀር አንድም ሰው አላዘነልኝም፤ እሳቸውም ጥርሳቸውን እንዳያሳዩ አፋቸውን ገጥመው ነው የሚያዝኑት። ያ የሐኪም ቤት ጥርስ ነው፣ በሰላም ቀን ያስተከልኩት ነው ብዬ ብምል ማን ይስማኝ።

“ለጋሪ” አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ ድምፅ።

“ቆይ” አለ መብረቅ። “አሰልጣኙ ይናገር። ሻምበል፣ ሰውዬው ይጠቅማል ካልክ ይቀራል፤ አይጠቅምም ካልክ ይሄዳል።” ከዚያ ወደ ሻምበል ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ግን እኔም በምሰማው ድምፅ ቀጠለ። “እሱ ከሄደ ወጣት ሰው እናመጣልሃለን። ሆድ የሌለው፣ ጥርሱ የራሱ የሆነ። ላንተ ብቻ።”

ይሄን ነገር ሰምቼዋለሁ! ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ! ሻምበልን አየሁት። ጆሮውን ወደፊት አቅንቶ ሩቅ ሩቅ ያያል። ወጣቱ ሰው በዓይኑ እየዞረበት ነው፤ አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሚዞር።

“ሻምበል! ተናገር እንጂ! አንዲት ቃል ናት! አይሄድም በላቸው!” ብዬ አሽካካሁ። እግሬን መታሁ፣ አንገቴን ወዘወዝኩ።

ሻምበል አንገቱን አከከ። “ጠዋት እነግራችኋለሁ” አለ።

እንደዚያ ያለ ድንጋጤ በሕይወቴ አልደነገጥኩም። ቢያንስ ቢሰድበኝ! ቢያንስ ተቆጥቶ ለጋሪ ይሂድ ቢል! ጠዋት እነግራችኋለሁ! ሰው ሞቱን እየጠበቀ እሱ ሊተኛ ነው!

ኮሚቴው ተስማማ። እስከ ጠዋት ድረስ ግን ልለማመድ ተብሎ ባለጋሪዋ ተጠራች። በቅሎ ናት፤ የዝናብ ኮት ለብሳ፣ አለንጋ በጆሮዋ ሰክታ መጣች። እየዞረች አየችኝና፣ “እግሩ ምኑ ነው? ሁለት ብቻ ነው እንዴ?” ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከጋሪው ጋር አሰረችኝ። በመጨረሻ ከቆዳ የተሠራ የዓይን መከለያ ግራና ቀኝ ዓይኔ ላይ አደረገችብኝ። ያን ጊዜ ሻምበልን ማየት አቃተኝ። ወይዘሮ ትርንጎም ጠፉ፣ ሐይቁም ጠፋ። ከፊቴ ካለው መንገድ በቀር ዓለም አልቋል። ጎኔ ማን እንደቆመ ለማወቅ አንገቴ እስኪሰበር መጠምዘዝ ነበረብኝ። ጋሪው ላይ ምን እንደተጫነ አላውቅም፤ ብቻ ይከብዳል። አለንጋው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ በርበሬ እንደነሰነሱበት ቁስል አቃጠለኝ። አለቀስኩ። ምን አፍራለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

“ጠዋት መቼ ነው?” አልኩ ለማንም።

“ገና አልመጣም። መንገድ ላይ ነው” አሉ ጋሽ ገረሱ ከየት እንደሆነ ሳላያቸው።

መብረቅ ትዕግስቱ አለቀ። “ጠዋቱን አምጡት!” ብሎ አዘዘ። ፍየሏ ዘመዶቿን ጠርታ ሄደች፤ ፀሐይን በገመድ አስረው ከሐይቁ ውስጥ እየጎተቱ አወጧት። ፀሐይዋ አልነሳም ብላ እግሯን አንፈራጥጣ ነበር። ውሃዋ እየተንጠባጠበ አጥሩ ላይ ሰቀሏት። ነጋ።

“እህ፣ ሻምበል፣ ነግቷል” አለ መብረቅ።

ኮቴ ሰማሁ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ መጥቶ ፊቴ ቆመ። መከለያው የሚያሳየኝ ፊት ለፊቴን ብቻ ስለነበር እሱን ብቻ አየሁ። የተንጠለጠለ ከንፈሩን፣ በዓይኑ ዙሪያ የሸበተውን ጠጉር። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

“አይሄድም” አለ።

“ምን አልክ?” አለ መብረቅ።

“ሰውዬው አይሄድም።”

“ምን ይጠቅማል? ሲንሸራተቱ አይቆምም። ጥርሱ የራሱ አይደለም። ሲጭኑት ሆዱን ይነፋል።”

“አዎ፣ ምንም አይጠቅምም” አለ ሻምበል። “ግን ለምጄዋለሁ።”

ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔ ግን ፈነዳሁ። አሽካካሁ፣ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሦስቱንም ባንድ ላይ። ወይዘሮ ትርንጎ እልል ሲሉ ጥርሳቸው ታየ፤ ማን ጉዳዬ ብሎ። ተመልሼ ሄጄ፣ ለጋሽ ገረሱ፣ “አይሄድም! ለምጄዋለሁ!” እላቸዋለሁ፣ መብረቅ ባፍንጫዬ ይውጣ ብዬ በልቤ ማልኩ። ሻምበል ልጓሜን ሊያወልቅልኝ ኮቴውን ወደ አፌ ሲዘረጋ ነቃሁ።

የትራሱን ጫፍ ነክሼ ነበር። ስመኝ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

“ነቃህ?” አለችኝ። “ስታሽካካ አደርክ እኮ! ስልክህ ሲጮህ ልቀሰቅስህ ብጠጋ ረገጥከኝ። ተውኩህ። ጎኔ በልዞ እንደሆነ ታየዋለህ።”

“ስንት ሰዓት ነው?”

“ሦስት ሰዓት አልፏል።”

ክው አልኩ። ስልኩን ሳነሳ ጋሽ ገረሱ ደጋግመው ደውለዋል፤ የመጨረሻው ጥሪ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። “እስከ ሁለት ሰዓት ካልነገርከኝ” ያሉት ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሱሪዬን በፒጃማዬ ላይ አጥልቄ፣ አንድ እግሬን ጫማ አንድ እግሬን ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ስመኝ ከኋላዬ፣ “ኧረ ፊትህን ታጠብ!” ትላለች።

እሁድ ነው፤ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። ጥግ ላይ ጥላ ያለው ጋሪ ሲመጣ አየሁና፣ “ጋሪ!” ብዬ ሮጬ ከኋላ ዘልዬ ወጣሁ። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው፤ እየደወልኩ ነው።

“ወዴት ነው ጋሼ?” አለ ባለጋሪው።

“ከሐይቁ ማዶ፣ ፈረስ ሜዳው! ቶሎ ንዳው!”

“ከዚያ መምጣቴ ነው እኮ።”

“ታዲያ መንገዱን ታውቀዋለሃ! ፍጠን! የሚያስፈልገኝ ፈረስ አለ፣ ሳይወስዱት ልድረስ!”

“እሺ ጋሼ፣ ግን ይሄኛው ገና ዛሬ መጀመሩ ነው፤ ጋሪ አልለመደም” አለና ልጓሙን ሳብ አደረገ።

ልብ አላልኩትም። ስልኩ ይጠራል፣ ጋሽ ገረሱ አያነሱም። ጋሪው ደግሞ ይንቀረፈፋል።

“ኧረ ሊወስዱብኝ ነው! ግረፈው እንጂ! አለንጋ ለምን ያዝክ?” ብዬ ጮህኩበት።

አለንጋው ጮኸ። ጋሪው ሲፈናጠር ስልኩን ላድን ብዬ ሚዛኔን ሳትኩና ከመቀመጫዬ ወደ ጎን ተንሸራተትኩ።

ጋሪው ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ምን ሆነ ይሄ ደግሞ? ሂድ! ሂድ እንጂ!” ባለጋሪው ደገመው፣ ሠለሰው። ፈረሱ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ዓይኑ በቆዳ ተከልሎ ነበርና ወደ ኋላ ለማየት አንገቱን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ። በጥላው ሥር አየኝ። ከንፈሩ ተንጠልጥሏል።

ተስተካክዬ እስክቀመጥ ይጠብቀኝ ነበር።